ትጉዎቹ ዋቅላሚዎች

በሆስፒታሉ ጓሮ ያለው ገንዳ ሰው ቢሆን ኖሮ እስካሁን በተሾመ ነበር። ዋቅላሚ የሚባሉት ደቃቃ አረንጓዴ የውኃ ዕፅዋት፣ ከሕሙማን ክፍል በፍሳሽ የሚወጣውን አንቲባዮቲክ ጥርግ አድርገው ይበሉለታል። ከገንዳው የሚወጣው ውኃ በየሳምንቱ ይለካል፤ ከወር ወዲህ በውስጡ የተገኘው መድኃኒት ዜሮ ነው። የሚገባውን ማንም ለክቶ አያውቅም፤ ይሸታል።

ማዕረጉን ማን እንደሰጣቸው የማይታወቀው የገንዳው ኃላፊ "ፕሮፌሰር" ዓርብ ገንዳውን የሚጎበኙ እንግዶች ስለሚመጡላቸው ሱፋቸውን አስተኩሰዋል።

ውኃውን የምትለካው የላብራቶሪ ልጅ ግን ገንዳም ሱፍም አልታያትም። እናቷ ሳንባቸውን ታመው ፎቅ ላይ ከተኙ ዐሥር ቀናቸው ነው። በቀን ሦስት ጊዜ የአንቲባዮቲክ መርፌ ይወጋሉ፤ ትኩሳቱ ንቅንቅ አላለም። እንዳታጣቸው ፈርታለች። ደግነቱ ፋርማሲስቱ ጥሩ ሰው ነው። ቤቱ ላይ ፎቅ እየጨመረ ወዲህ ወዲያ ሲል እንኳ አይረሳትም።

"አይዞሽ እህቴ፣ የእናታችንን መድኃኒት እኔው በእጄ ነው የማወጣው" ይላታል።

ሐሙስ ጠዋት ገንዳው ነጥቶ አገኘችው። አየር የሚነፋው ፓምፕ ቆሞ ዋቅላሚዎቹ አንድ ሳይቀሩ አልቀዋል። የሚወጣውን ውኃ ለካች። ዜሮ።

ፕሮፌሰሩ ደማቸው ፈላ። የሞተ ነገር እንደማይበላ እሳቸውም ያውቃሉ። ወዲያው አትክልተኛውን ጠረጠሩ፤ የውኃ ጎማውን ገንዳው አጠገብ ጥሎ ይውላልና። ንጹሕ ውኃ እየለቀቀ ፍሳሹን አቅጥኖብኛል አሉ። አትክልተኛው ጎማው ከተቀደደ ሁለት ወር እንዳለፈው ምሎ ተገዘተ። ማን ይስማው?

"ሂጂና ፍሳሹን ከሕሙማኑ ክፍል እንደወጣ፣ ገንዳ ሳይገባ ቅጂልኝ" አሏት ልጅቷን። "እዚያ መድኃኒቱ ሞልቶ ይገኛል። ያኔ አፉን እናስይዘዋለን።"

አፍንጫዋን ሸፍና ከቧንቧው አፍ ቀዳች። ለማንኛውም ብላ መጀመሪያ የመለኪያ ማሽኑን ፈተነችው፤ በንጹሕ ውኃ ላይ አንድ ጠብታ አንቲባዮቲክ ጨምራ ስትሰጠው ሳይሳሳት ቆጠረ። ከዚያ ፍሳሹን ሰጠችው።

ዜሮ።

አጥባ ደገመችው። ዜሮ።

ሰዓቷን አየች፤ ዘጠኝ ሊሆን አምስት ደቂቃ ይቀረዋል፤ ፎቅ ላይ ነርሷ ፋርማሲስቱ በእጁ ያወጣውን የእናቷን የከሰዓት መርፌ እየቀዳች ነው።