ክላሪኔቷ ለምን ቀድማ ገባች?

«አቁሙ! አቁሙ አልኩ!»

ባንዱ ቀጥ አለ...

«ማነው ቀድሞ የገባው?» አሉ ባንዱን የሚመሩት መምህር።

አንዲት ክላሪኔት ነፊ እጇን ቀስ ብላ አወጣች። ሰሞኑን ባንዱን የተቀላቀለች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ናት።

«አንቺ ልጅ! ሰው ሁሉ በሰዓቱ ሲገባ አንቺን ምን ያጣድፍሻል? አውቶብስ ሊያመልጥሽ ነው?»

ሌላ ጊዜ በመምህሩ ቀልድ አዳራሹ በሳቅ ይናጋ ነበር... ዛሬ ግን ማንም አልሳቀም።

መምህሩ ጥርሳቸውን የነቀሉት በዚህ የዩኒቨርሲቲ ባንድ ነው። ሲረከቡት ጥቂት የተጣመሙ ትራምፔቶችና አንድ የተቀደደ ከበሮ ነበር። አሁን ያለ እሳቸው ባንድ ምረቃ አይደምቅም።

ልጅ አልወለዱም... ልጆቻቸው እነዚህ ናቸው።

ግን ምስጢር ነበራቸው።

ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል...

ከባለቤታቸው በቀር ለማንም ትንፍሽ አላሉም። «እጄ አልታዘዝ ብሎ ባንዱ የተሳሳተ ቀን፣ ያን ቀን እለቃለሁ» ብለው ለራሳቸው ምለዋል። ልምምዱ በሰላም ባለቀ ቁጥር «ተመስገን፣ ዛሬም አላሳፈረኝም» እያሉ ቤታቸው ይገባሉ።

«ለምን እጄን አታዪም?» አሏት ልጅቷን።

አንገቷን ደፋች።

«እያየሁ ነበር ጋሼ... እጅዎ ሲወርድ እኮ ነው የገባሁት።»

አጠገቧ ያለችው ልጅ በክርኗ ጎሰመቻት... ግን አንዴ አምልጧታል።

መምህሩ እጃቸውን አዩት። ባንዱን የሚመሩበት ዘንግ ይንቀጠቀጣል።

ባንዱን አዩ... ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

ያኔ ገባቸው። ልጅቷ የተሳሳተችው እጃቸውን ስላየች ነው... ሌሎቹ የዳኑት ስላላዩ ነው!

«ታዲያ ማንን ነው የምታዩት?» አሉ ድምፃቸው ሰልሎ።

ቱባ ነፊው ተነሳ። እሱና ቱባው ማን ማንን እንደተሸከመ የማይታወቅ ግዙፍ ልጅ ነው።

«የድራመሩን ትከሻ ጋሼ... እሱ ትከሻውን ሲያነሳ አብረን እንተነፍሳለን። ለእሷ መንገር ረስተን ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአምና... እጅዎ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ጊዜ ጀምሮ።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ብንነግርዎት ጥለውን ይሄዱ ነበራ!»

ግዙፉ ልጅ እንደ ሕፃን አለቀሰ...

መምህሩ ዘንጉን አስቀመጡት። ወደ ክላሪኔቷ ልጅ ሄደው ግንባሯን ሳሟት።

«ይቅር በይኝ ልጄ... የታዘዝሽውን ያደረግሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ከዚያ ከመድረኩ ወርደው ተመልካች ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«በሉ ከመጀመሪያው... ያለ እኔ።»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ጀርባቸውን ለተመልካች ሰጥተው የኖሩ ሰው፣ ባንዳቸውን ከተመልካች ወንበር ሆነው ሲሰሙ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ክላሪኔቷም በሰዓቷ ገባች። እንባቸውን መቆጣጠር አልቻሉም።

ሙዚቃው አለቀ... ሁሉም ፊታቸውን ያያል። ይለቁ ይሆን?

መምህሩ እንባቸውን ጠረጉና ጉሮሯቸውን ሞረዱ።

«ትራምፔቶች ጩኸት አብዝታችኋል... ነገ እዚህ ቁጭ ብዬ አስተካክላችኋለሁ!»

ተማሪዎቹ «ነገ» የምትለዋን ቃል ሲሰሙ አዳራሹ በእልልታና በጭብጨባ ቀለጠ!

ወዳጆቼ... ሸፍነነዋል ያልነውን ገመና የሚወዱን ሰዎች ቀድመው አይተውታል። እኛ ጠንካራ ነን ብለን ደረታችንን ስንነፋ፣ እነሱ ዝም ብለው ደግፈውን ይሆናል። ድካማችሁን ከሚወዷችሁ አትደብቁ... ቦታ መቀየር መሸነፍ አይደለም።

እናንተስ... ድካማችሁን አይቶ እንዳላየ ሆኖ ደግፎ ያቆማችሁ ሰው ማን ነው? ስሙን እዚህ ጻፉለት... ምናልባት እስከ ዛሬ አላመሰገናችሁትም።