ከአባት ጀርባ የጠፋው ፕላስተር

አባትየው ክኒናቸውን እንደማይውጡ የታወቀው የትራስ ልብሳቸው የታጠበ ቀን ነው። የስንት ጊዜ መድኃኒት ሟሙቶ ሳፋው ውስጥ ያለውን ውሃ ነጭ አደረገው። ልጃቸው ሳፋውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። በየማለዳው አፋቸውን ከፍተው «ይኸው፣ ዋጥኩት» ሲሏት «ጎበዝ አባዬ!» እያለች ታጨበጭብላቸው ነበር።

ቀጥላ ክኒኑን ፈጭታ ሾርባ ውስጥ ጨመረችው። አባት አንድ ማንኪያ ቀምሰው ሳህኑን ገፉት።

«አባትሽን ልትመርዢ ነው?» አሏት፣ እንግዳ በተቀመጠበት።

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሐኪሙ ጉዳዩን ሲሰማ ሳቀ። «የመርሳት በሽታ ያለበትን ሰው በክኒን ማሸነፍ ከባድ ነው» አላት። «ቆዳ ላይ የሚለጠፍ የመድኃኒት ፕላስተር አለ። ጠዋት አሮጌውን አንሥታችሁ አዲሱን ሌላ ቦታ መለጠፍ ነው። ጀርባቸው ላይ አድርጉት፣ እጃቸው አይደርስም። ብቻ አደራ፣ እንዳይደራረብ። ያስመልሳል፣ ልብም ያደክማል።»

መለጠፉ የታናሽ ወንድሟ ሥራ ሆነ። ጢም ያበቀለ ሰው ቢሆንም ቤት ውስጥ ዛሬም ማሙሽ ነው የሚባለው። ሥራ ከፈታ ወዲህ አባቱን ቀን ቀን የሚጠብቀው እሱ ነው። እሷ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቆጣጣሪ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ስፌት ላይ ስህተት ስትፈልግ ትውላለች።

አባት ጎሚስታ ነበሩ። ጎማ ሲለጥፉ፣ መኪና ሥር ተጋድመው የማንም እጅ የማይደርስበትን ብሎን ሲፈቱ ነው ያረጁት። ማሙሽ የመጀመሪያውን ፕላስተር ሲያወጣ ተቆጡት።

«አንተ፣ መጀመሪያ አድርቀው እንጂ! እርጥበት ካለው ይይዝልሃል?»

ሲለጥፈው ደግሞ «በመዳፍህ ጫን! እስኪሞቅ ጫን!» አሉት። ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በዚያ ቤት ከተሳቀ ቆይቶ ነበር።

ሳቁ ብዙም አልሰነበተ። አንድ ማታ ልጅቷ የአባቷን ሸሚዝ ስትቀይር ጀርባቸው ባዶ ሆኖ አገኘችው።

«ማሙሽ! ፕላስተሩ የታለ?»

«ጠዋት ለጥፌዋለሁ እኮ።»

«ታዲያ ክንፍ አውጥቶ በረረ?»

«እኔ እንጃ እትዬ። ወድቆ ይሆናል።»

አልጋ ሥር ፈለጉ፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን ገለበጡ። የለም። በሌላውም ቀን እንደዚያው ሆነ። ልጅቷ ሐኪሙ ያለውን አስታወሰች፤ እጃቸው አይደርስም። እንግዲህ የሚዋሸው ማን እንደሆነ ለመገመት መጽሐፍ ገላጭ አያስፈልግም።

አባት ባሰባቸው። ሱሪ ሳይለብሱ መንገድ ዳር ተገኝተው ጎረቤት በፎጣ ጠቅልሎ አመጣቸው። ልጅቷ ከዚያ ወዲያ የጎረቤቶቿን ዓይን ማየት አልቻለችም። ዕቃ ለመግዛት እንኳ ራቅ ያለ ሱቅ መሄድ ጀመረች።

የእሷም ጤና ጥሩ አልነበረም። ያቅለሸልሻታል፣ ራሷን ያዞራታል። «ጨጓራዬን የላጥከው አንተ ነህ» ትለዋለች ወንድሟን። ከሥራ ስትመለስ አንገተ ሰፊ የቤት ቀሚሷን ለብሳ አባቷ አጠገብ ሶፋው ላይ በሆዷ ትዘረጋለች፤ እንቅልፍ ሳትጠራው ይመጣል። አባት እንደ ልጅነቷ ጀርባዋን ይደባብሷታል። ከቀኑ ሁሉ የምትወደው ያቺን ሰዓት ነው።

«ተሻለሽ ልጄ?» ይሏታል ስትነቃ።

«እኔ ምን ሆኜ አባዬ?» ትላለች። የታመሙት እሳቸው፣ የሚጠይቁት እሳቸው።

በመጨረሻው ቀን እንደተለመደው ከሶፋው ተነሥታ የአባቷን ሸሚዝ ገለጠች። ባዶ። በቃ፣ ገነፈለች።

«አባትህን በቁማቸው እየገደልካቸው ነው! ደግሞ ዓይንህን በጨው አጥበህ ለጥፌያለሁ ትለኛለህ!»

«እናታችን ትመስክር፣ ለጥፌያለሁ።»

«የሞተ ሰው አትጥራ! ልብስህን ሰብስብና ውጣልኝ።»

አባት አንዴ እሷን አንዴ እሱን አዩ። «ልጁ ምን አጠፋ?» አሉ።

ማሙሽ ልብሱን በፌስታል አድርጎ የአባቱን ጉልበት ሳመ። አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ ስታየው እፍረት ወረራት፤ ግን ውጣ ያለ አፍ ተመለስ ለማለት አይፈታም። በሩን ልትዘጋ ተራመደች። ወለሉ ዞረባት፣ ወደቀች።

ማሙሽ ፌስታሉን ወርውሮ ተመለሰ። አባቱን ለጎረቤት አደራ ብሎ እህቱን አዝሎ ክሊኒክ ሮጠ።

ነርሷ የእጇን የደም ሥር ይዛ ቆየች። ግንባሯን ቋጠረች።

«ልብሽ ቀስ ብሎ ነው የሚመታው። የምትወስጂው መድኃኒት አለ?»

«ኧረ እኔ! ክኒን የሚባል አፌ ገብቶ አያውቅም።»

ማሙሽ ላቧን በሸሚዙ እጅጌ ይጠርግላታል። አሁን ያባረረችው ሰው። ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። ይቅር በለኝ ልትለው ፈለገች፣ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር።

«ቢሆንም መለጠፍ ነበረብህ» አለችው።

ነርሷ ሳንባዋን ከኋላ ለማዳመጥ የቀሚሷን አንገት ዝቅ አደረገች፤ ማዳመጫውን ግን ሳታሳርፈው ቆመች።

«እህቴ፣ ጀርባሽ ላይ ይሄን ሁሉ ፕላስተር ማነው የለጠፈልሽ?»