ልጅቷን የሚወስደው ሰው

ልብስ ሰፊዋ የልጇን የትምህርት ቤት ቅጽ በኮምፒውተር ሞልታ ስትልክ ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። በላከች ቁጥር ገጹ ተመልሶ ይመጣል፤ «ልጅቷን ከትምህርት ቤት የሚወስደው ሰው» በሚለው ቦታ ላይ የወንድሟ ስም ጠፍቶ የባሏ ስምና ስልክ ተቀምጧል። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። የስልክ መስመሩንም ራሷ ናት ሄዳ ያዘጋችው።

ለወንድሟ ደውላ ነገረችው።

«እህትዓለም፣ ይሄ ምን ያስደነግጣል?» አለ እየሳቀ። «ብሮውዘሩ ድሮ የሞላሽውን አስቀምጦ እሱኑ ነው የሚያመጣልሽ። ያስቀመጠውን ሁሉ አጥፊና እንደ አዲስ ክፈቺው። ልጅቷን እንደሆነ ከሥራ ስወጣ እወስዳታለሁ።»

እንዳላት አደረገች። እውነትም ገጹ ባዶውን ተከፈተ። የወንድሟን ስምና ቁጥር ጻፈች፣ ሁለቴ አነበበችው፣ ላከችው። «ደርሶናል» የሚል ጽሑፍ መጣ። እፎይ ብላ ወደ ስፌት መኪናዋ ዞረች። የጀመረችውን ቀሚስ ሰፍታ ሳትጨርስ ስልኳ ጮኸ፤ የትምህርት ቤቱ መዝጋቢ ነበረች።

«ቅጹ ደርሶናል፣ እናቷ። ትምህርት ስላበቃ በሞሉልን ቁጥር ደወልን፣ ወዲያው መጥተው ወሰዷት።»

«ወንድሜ? ምን አፈጠነው?»

«ኧረ አባቷ ናቸው። እኔማ መታወቂያ ሳላይ አልሰጥም ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ገና ከበሩ ስታያቸው ‹አባዬ!› ብላ ሮጣ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።»