ሳልደነዝዝ ነው የተሰፋሁት

«ከዚህ በፊት ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎት ያውቃል?» አለች ማደንዘዣ ሰጪዋ፣ እስክሪብቶዋን ቅጹ ላይ አስደግፋ።

«በፍጹም» አለ ነብሮ። ስሙ ሌላ ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌሮች ያወጡለት ቅጽል ግን እናቱ ያወጣችለትን ካስረሳ ቆይቷል። የሐሞት ጠጠር ሁለት ቀን ሙሉ ሲያንደባልለው ሰንብቶ፣ አሁንም አልጋው ላይ ደረቱን ነፍቶ ነው የተኛው።

«ይሄ ጠባሳስ?» ጋውኑን ገለጥ አድርጋ ከሆዱ በስተቀኝ፣ ዝቅ ብሎ ያለውን አየች።

«ቢላ ነው። በጉርምስናዬ ሁለት ሰው ስገላግል። ያውም ሳልደነዝዝ ነው የተሰፋሁት!» ብሎ ሚስቱን ጠቀሳት።

ሚስቱም፣ ሞኟ፣ ኮራች። ምን ታድርግ፣ ስድስት ዓመት ያንን ጠባሳ እየዳሰሰች የተኛች ሴት ናት። ለእህቶቿ ስንቴ አውርታዋለች! ማደንዘዣ ሰጪዋ «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገችና፣ «ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንገባለን» ብላ ወጣች።

ወዲያው የሚስትየው ስልክ ጮኸ። የነብሮ የመጀመሪያ ሚስት ናት። ሁለቱ የሚደዋወሉት ነብሮ ከእሷ ስለወለዳት ልጅ ብቻ ነው፤ ያውም ቃል እየቆጠቡ። ኮሪደር ወጥታ አነሳችው።

«ልጅቷን ዛሬ ከትምህርት ቤት እኔ አወጣታለሁ» አለች የመጀመሪያዋ። «እግዜር ይማርህ በይልኝ። ስለ ማደንዘዣው ነግሯቸዋል አይደል?»

«ስለ የቱ ማደንዘዣ?»

«ኧረ በፈጣሪ! ትርፍ አንጀቱ የወጣ ጊዜ ነዋ! መድኃኒቱ አልለቅ ብሎት፣ ራሱ መተንፈስ አቅቶት፣ አምስት ሰዓት ሙሉ ማሽን ነው የተነፈሰለት። ሐኪሙ ‹ሌላ ጊዜ ሳይናገር እንዳይተኛ› ብሎ በወረቀት ጽፎ ሰጥቶታል። አልነገረሽም?»

ሚስትየው ግድግዳውን ተደገፈች። «ጠባሳው… ቢላ አይደለም?»

«የምን ቢላ!» የመጀመሪያዋ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ተወችው። «ከእኔ ቀጥላ ለነበረችው፣ ለፋርማሲስቷ፣ ውሻ ነው ብሏት ነበር። ሕፃን ሲያስጥል የነከሰው ውሻ! አላምን ብላ ደውላ ጠይቃኛለች። ስሚኝ እህቴ፣ ያን ቀን ወደ ውስጥ ሲያስገቡት ‹እማዬን ጥሩልኝ› እያለ ነው ያለቀሰው። እናቱ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗት ነበር። እኔ አልሳቅሁበትም፤ እሱ ግን ማየቴን ይቅር አላለኝም። ከዚያ በኋላ ዓመት ሳይሞላ ተፋታን። በይ አሁን ሩጪ፣ ንገሪያቸው!»

ሮጠች። ማደንዘዣ ሰጪዋን መድኃኒት ከምታዘጋጅበት ክፍል በር ላይ ደረሰችባት፤ እያለከለከች ሁሉንም ዘረገፈችላት። ሴትዮዋ በእጇ ከያዘችው ትሪ ላይ አንዷን ብልቃጥ አነሳችና ለብቻዋ አስቀመጠቻት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው» አለች። «ይህቺን ልሰጠው ነበር እኮ። በሌላ እንተካዋለን፤ ማሽኑም ዝግጁ ይሆናል። ደግ አደረግሽ።»

ደግ አደረግሽ! ሚስትየው እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ሰውዬው በገዛ አፉ ሊሞትባት ነበር። ለምን? ለአንዲት ጥቅሻ!

«ምነው ፊትሽ?» አለ። «አይዞሽ፣ ነብሮ በዚህ አይሞትም።»

«ትርፍ አንጀትህን ያወጡልህ ጊዜ ያልነቃኸውስ?»

ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተከለ። «ማን ነገረሽ?»

ልብ በሉ፤ አጠፋሁ አይደለም፣ ለሐኪሟ ንገሪያት አይደለም። ማን ነገረሽ!

«ሚስትህ!» አለች፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ጎመዘዛት። «ለእሷ አልቅሰህላታል! ለፋርማሲስቷ ውሻ፣ ለእኔ ቢላ! ቆይ፣ እኔ ምንህ ነኝ? እያጨበጨብኩ ልቅበርህ?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ሬሳህን አስረክበውኝ ‹ጀግና ነበር› ቢሉኝ ምን ሊረባኝ ነው?»

«እንድትንቂኝ አልፈለግሁም» አለ ነብሮ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ።

«አሁን ናቅሁህ! ስላለቀስክ እንዳይመስልህ። ስድስት ዓመት አብሬህ ኖሬ፣ የባሌን ጠባይ ከጣውንት በስልክ ስላስጠየቅኸኝ ነው!»

እሷ የቀረውን ልታወርድበት ትንፋሿን ስትስብ በሩ ተከፈተና አልጋ ገፊው ገባ። «ተራችሁ ደርሷል» አለ፤ የአልጋውን ፍሬን በእግሩ ለቀቀው።

ከጎኑ እየተራመደች በረጅሙ ኮሪደር እያጉረመረመች ሄደች። ስትነቃ እንተያያለን አለችው። ዋሾ አለችው። ከዚህ ወጥተህ ደግሞ ለአራተኛዋ አንበሳ ነው በላት አለችው። ነብሮ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

ቀዶ ሕክምና ክፍሉ በር ላይ አልጋ ገፊው ቆመ። «እህቴ፣ ከዚህ ማለፍ አይቻልም። እጁን ልቀቂው።»

«እኔ አይደለሁም የያዝኩት» አለች።

አልጋ ገፊው ጎንበስ ብሎ አየ። አምስቱም ጣቶቿ ተዘርግተዋል። የነብሮ እጅ ግን የእጇን አንጓ ጨብጦ አልለቅም ብሏል።