የዘይቱ ልክ

ነአምን ያን ቀን ለምን ዝም አለ? ሔራን ይህን ጥያቄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ እስክትመረቅ፣ ከተመረቀችም በኋላ ይዛው ኖራለች። ያልበደለ ሰው ይጮኻል ብላ ስለምታምን፣ ዝምታውን ባሰበችው ቁጥር በወንድሟ ትናደዳለች።

ዛሬ ከሰዓት ነአምን ከሽማግሌዎች ጋር ይመጣል። ድንጋይ ተሸክሞ "አጥፍቻለሁ" ካለ ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል። ካላለ አባታቸው አቶ ጉዲሳ በሕይወት እያሉ ያን ደጅ አይረግጥም።

አቶ ጉዲሳ ከሁሉ በፊት መኪናዋ እንድትሰናዳ ፈለጉ። ቀይ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ የድሮ የጣሊያን ስፖርት መኪና ናት። ሞተሯ ወርዶ ከተሠራ ወዲህ ከግቢ ወጥታ አታውቅም። ዛሬ ሽማግሌዎቹ ስትነሳ እንዲሰሙላቸው ይፈልጋሉ።

"አሮጌውን ዘይት አፍስሰሽ ጨረስሽ?"

"ጨርሻለሁ አባዬ።"

"ቡሎኑን አጥብቀሻል? መጽሐፍ መግለጥ አይደለም ይሄ።"

"አጥብቄያለሁ።"

"በይ ቀስ እያልሽ ጨምሪ። ወፍራሙን ነው። የዛሬ መኪኖች ቀጭን ዘይት ለእሷ ውሃ ማለት ነው።"

ማታ ዘንቦ ስለነበር ውሃው ከቤቱ ደረጃ ተነስቶ፣ በመኪናዋ ሥር አልፎ፣ በግቢው በር ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። መኪናዋ እንደ ሁልጊዜው ፊቷን ወደ ቤቱ አዙራ ቆማለች። ሔራን ዘይቱን ጨመረች፤ እስኪወርድ ጠበቀች። መለኪያውን መዝዛ በጨርቅ ጠረገች፤ መልሳ ከትታ አወጣች። ዘይቱ የላይኛው ምልክት ላይ ደርሷል።

"ልኩ ላይ ነው።"

"ያን ቀን ጠዋትም ልኩ ላይ ነበር" አሉ አቶ ጉዲሳ። "በገዛ እጄ ቀይሬ፣ ሞልቼ፣ እዚሁ ቆሜ አይቼ ነው የሰጠሁት። የእንጦጦን ዳገት እንደ ፈረስ ጋልቦባት ሞተሯን አቃጥሎ መጣ። 'ዘይቱን ሞልቼ አልሰጠሁህም?' ስለው ምን አለ? 'ልክ ነህ አባዬ።' በቃ።"

"አውቃለሁ።"

"ድሮም ሰው አይሰማም። ዘይት ለማየት እንኳ አስፋልት ላይ ካላወጣት አይሆንለትም ነበር። ለመንደሩ ሊያሳያት። በመጨረሻ ከእጁ ቀምቼ ራሴ የቀየርኩት ለዚህ ነው።"

እናታቸው የሞተች ጊዜ ነአምን ከተከራየበት ላምበረት መጥቶ፣ ከለቅሶው ድንኳን ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሞ አልቅሷል። አቶ ጉዲሳ አላስገቡትም። ሔራንም ወጥታ አልጠራችውም። ንዴቷ ከአባቷ አያንስም ነበር።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጎረቤታቸው አቶ ባፈና፣ ቀድመው መጡ። ግቢውን ዞረው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ጋሽ ጉዲሳ፣ ወንበሩን የት ልንደረድር ነው? ይህችን ሙሽራ ያውጧት እንጂ።"

"ሙሽራ አይደለችም። ሞታ የተነሳች ናት።"

"እሷን ካስነሱ ልጅዎን ማስነሳት አያቅትዎትም።"

"እሷ አልበደለችኝም" አሉ አቶ ጉዲሳ። ወደ ሔራን ዞረው "አውጫት" አሏት።

ሔራን ማርሹን ነፃ አድርጋ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀች። መኪናዋ ገፊ ሳያስፈልጋት ወደ ኋላ ተንሸራትታ በበሩ ወጣች፤ ደልዳላው አስፋልት ላይ ስትደርስ በራሷ ቆመች። አባቷ በሰው ፊት ሲያስነሷት እንዳያፍሩ ብላ፣ ሔራን መለኪያውን እንደገና መዘዘች።

ጫፉ ብቻ ረጥቧል።

ፈሰሰ ብላ ተንበርክካ ከሥር አየች። የዘይት ጠብታ የለም። መለኪያውን ጠርጋ፣ ጠብቃ፣ ደግማ አየች። ያው ነው። የተረፈውን ዘይት አምጥታ ጨመረች። ምልክቱ ጋ እስኪደርስ አንድ ሊትር ሙሉ ገባ። ለካ ግቢው ተዳፋት ስለሆነ ዘይቱ ወደ መለኪያው አጋድሎ ነው ሙሉ የመሰለው፤ አባቷም ያን ቀን የለኩት እዚያው ነው።

ቀና ስትል ነአምን ከሽማግሌዎቹ ፊት ፊት እየመጣ ነው። ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎታል። መጀመሪያ በእጇ የያዘችውን መለኪያ አየ። ቀጥሎ መኪናዋ የቆመችበትን አስፋልት።

"ሔሩ" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ "ተይው። አባዬ አርጅቷል።"

አልፏት ገባ። አቶ ጉዲሳ መሐል ላይ ተቀምጠው ይጠብቁታል። እግራቸው ሥር ተንበረከከ።

"በል ልጄ" አሉ አቶ ባፈና፤ "ጥፋትህን ተናገር።"

ነአምን አፉን ከፈተ።

ሔራን በሽማግሌ ፊት ተናግራ አታውቅም። ዛሬም አልተናገረችም።

ዘይት ባጠቆረው እጇ ድንጋዩን ከወንድሟ ማጅራት ላይ አነሳችና አባቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው።