ገበር የጎደለው ሰደርያ

ልብስ ሰፊዋ ደረታቸው ውስጥ የልብ ምት የሚያስተካክል ቺፕ ለተተከለላቸው ሰዎች የራዲዮ ሞገድ የሚመልስ ሰደርያ ትሰፋለች። የታላቅ ወንድሟን ስትሰፋ ሞገዱን የሚመልሰው የብር ክር ያለው ገበር ለጀርባው አልበቃ አላት፤ ተራ ጨርቅ አስገብታ ሳትነግረው ሰጠችው።

«አንቺ የሰፋሽውን ለብሼ ምን እሆናለሁ!» አላት እየሳቀ።

በአራተኛው ቀን ከማሰራጫ ምሰሶ ሥር ሲያልፍ ወደቀ፤ በዚያው ቀረ። ቺፑም አብሮት ተቀበረ። እሷ ስለ ገበሩ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

በወሩ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አዲስ ሰደርያ ለልብስ መለኪያው የፕላስቲክ አሻንጉሊት አልብሳ የቺፕ ምልክት የሚያነበውን መፈተሻ አበራች። አሻንጉሊቱ ቺፕ የለውምና የመፈተሻው መስታወት ባዶ መሆን ነበረበት። ግን በቃሏ የምታውቀውን የወንድሟን ቺፕ ቁጥር አወጣ፤ ከሥሩም የልብ ምት፣ ሰባ ሁለት።

«ማሽኑ ነው» አለች። አጥፍታ አበራችው። ሰባ አራት።

 «ጋሼ፣ ይቅር በለኝ» አለች እንባዋ እየወረደ፣ «እያወቅኩ ነው ተራ ጨርቅ ያስገባሁብህ።»

ምቱ ዘጠና ገባ። መቶ ሃያ አለፈ።

ሰደርያውን ልታወልቅ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች። ጨርቁ በላብ ርሶ ይሞቅ ነበር።