ሁለት በሽታ ባንድ አፍ

ጫልቱ የላሜን ምላስ በግራ እጇ ይዛ፣ ከፈነዳው ቁስል ላይ ለምርመራ ቆዳ በወረንጦ ታነሳለች። የከብት ሐኪም ናት፤ ቀበሌው ልኳት የእንጦጦን ዳገት በእግሯ ወጥታለች። እኔ ቀንዷን ይዣለሁ። ለሃጯ ክንዴ ላይ ይወርዳል።

ጎረቤቴ ጉተማ ፌስታል አንጠልጥሎ ይገባል። ከካራ የከብት ገበያ የገዛው በሬ እንደ ላሜ አፉ ቆስሏል። በፌስታሉ ውስጥ በበሬው ለሃጭ የተነከረ ጨርቅ አለ።

«ያቺን ያልታመመች ጊደርህን ያዝልኝ ለይኩን፤ ድዷን በዚህ ጨርቅ ልሽላት። ባንዴ ይታመሙ፣ ባንዴ ይዳኑ።»

አባቶቻችን ያደረጉት ነው። ግን ጊደሯ አርግዛለች፤ የመጀመሪያዋ ነው። የላሟ ወተት ነጥፏል። የጊደሯ ፅንስም ከጨነገፈ ቤታችን ዘንድሮ ወተት አያይም።

«አይሆንም አባባ» ትላለች ጫልቱ፣ ሳትዞር። «የእርስዎ በሬ በሽታና የዚህች ላም አንድ ላይሆን ይችላል።»

«ቁስሉ አንድ ነው።»

«ቁስሉ አንድ ነው። ቫይረሱ ግን ዓይነቱ ብዙ ነው። ጊደሯ ከላሟ ጋር ስታድር የላሟ ገብቶባት ይሆናል። እርስዎ የበሬውን ሲጨምሩባት፣ ሁለቱ ባንድ ገላ ተገናኝተው ይቀያየራሉ።»

«ምን ይቀያየራሉ? ሾላ ገበያ ናቸው?»

«እንደ ሾላ። አንዱ ከሌላው የጎደለውን ይወስዳል። ያለን ክትባት የማያውቀው ሦስተኛ ዓይነት ሊወጣ ይችላል።»

ጉተማ እኔን ያያል። በደግነት ነው የመጣው፤ እንዲህ ያለ ሰው መመለስ ይከብዳል።

«ተወው» እላለሁ። «ጊደሯ ለብቻዋ ትሁን።»

ፌስታሉን ሊወረውር እጁን ያነሳል።

«አይጣሉት» ትላለች ጫልቱ፣ ብልቃጥ እየከፈተች። «ለኔ ይስጡኝ። ከላሟ ናሙና ጋር ሰበታ ላቦራቶሪ ይመርመር፤ አንድ መሆናቸውን እንወቅ።»

ጉተማ ቋጠሮውን ራሱ ይፈታላታል። «እኔ ያልደረስኩበት ሰበታ፣ የበሬዬ ለሃጭ በመኪና ሊሄድ» ይላል።

የሦስታችንም እጅ በሽታውን ነክቷል። ስለዚህ ጊደሯን የምትፈታት ባለቤቴ አሳየች ናት። ከባሕር ዛፉ ጀርባ ወዳለው ባዶ ጎጆ ይዛት ትወጣለች። የጊደሯ አፍ ደረቅ ነው፤ ለሃጭ የለበትም። ስትራመድም አታነክስም።

ዳገቱ መሐል ጊደሯ ትቆምና አንገቷን ትደፋለች። አሳየች አትጎትታትም፤ ገመዱን ታላላታለች። እኛ ከታች ሆነን ሣሩ በጥርሷ ሲበጠስ እንሰማለን።